እሳት ላይ ቀድሞ የደረሰ

አኖ የምትባለውን ከተማ አልፈን ትንሽ እንደሄድን የተቃጠለ ሳር ሽታ በአውቶቡሱ መስኮት ዘው ብሎ ገባ። ከፊታችን የተቀመጠው ጎረምሳ መስኮቱን ሊዘጋ ሲነሳ «ተወው የኔ ልጅ፣ እባክህ ተወው» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና፣ አሮጊቷን ነካ ሳያደርጋት አልቀረም ብሎ ይሆናል፣ ተወው። በጋ ሲገባ የወለጋ ሽታ ይህ ነው። ገበሬው ለከብቱ አዲስ ሳር እንዲያቆጠቁጥለት አሮጌውን ያቃጥላል፤ ጭሱ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ወደ መንገዱ ይወጣል። ሌላው ሰው አገሩን በአበባው ሽታ ያስታውሳል ይባላል። የእኔን ልብ የሚያሸፍተው ግን ይህ አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ነገር ነው፤ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆኜ ተፈጠርኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ ሲፈን ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ለእኔ ስትል ከሥራዋ ፈቃድ የጠየቀች ልጅ። የምንሄደው ለቅሶ ነው። ገመዳ አረፈ ብለው በማለዳ ሲደውሉልኝ ቁርሴን እንኳ ሳልጨርስ ነው ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ ያስወረድኳት።

«ለመሆኑ አኮ» አለችኝ፤ ሴት አያት በኦሮምኛ እንዲህ እንደምትጠራ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ «ይሄ ገመዳ የሚባሉት ሰውዬ ምናችን ናቸው? ዘመድ ናቸው?»

«አባቴን ያሰረው ሰው ነው» አልኳት።

ቅንድቧን ሰቅላ አየችኝ። «አባትሽን ያሰረ ሰው ሞተ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው?»

«ሄደሽ ራሱን ጠይቂው እንዳልልሽ ሞቷል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ስሚኝ» አልኳትና መስኮቱን ትንሽ ገፋ አደረግኩት።

ያን ጊዜ በመንግሥት ወረቀት ላይ ከተማችን ለቀምት ነበር የምትባለው። እኛ ደግሞ ነቀምቴ እንላታለን፤ አማቶቿ ስም እንዳወጡላት ሙሽራ በሁለቱም ስትጠራ አቤት ትል ነበር። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ ከቁጥር ጋር ከተጣላን ቆይተናል። ልብሱንና የሻዩን ዋጋ ግን ጠይቁኝ። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ያውም ፓስቲ ሲባል የዛሬውን አየር የሞላው ነገር አይደለም፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ነው። ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ወንድ በዋናው መንገድ ሲያልፍ፣ አላየሁትም ብላ የምትምል ሴት ሁሉ ቁልፎቹ ስንት እንደሆኑ ታውቅ ነበር። እኔም ፕሊሲ ቀሚስ ነበረኝ፤ ከዓረቡ ሱቅ ጨርቁን ገዝቼ፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ሲያንጫጫ ከሚውለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፋሁት፣ ስቀመጥ መታጠፊያው እንዳይበላሽ ወንበር ጫፍ ላይ ብቻ የምንጠለጠልበት። ከሻይ ቤቱ የሸክላ ማጫወቻ የሚወጣው ዘፈን ደግሞ አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሸክላው ተጭሮ አንድ ቦታ ሲደርስ ይደናቀፍና «ና... ና... ና...» እያለ ይቀራል፤ አሳላፊው መጥቶ በጣቱ ነካ እስኪያደርግለት ድረስ የከተማው ኮረዳ ሁሉ ስትጣራ የምትውል ይመስል ነበር። ዛሬም ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ሳይደናቀፍ ሲያልፍ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

እሑድ እሑድ እኛ ጴንጤዎቹ ከዝማሬ ስንወጣ፣ ከሸዋና ከጎጃም መጥተው የከተሙት ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው ከማርያም ሲመለሱ መንገድ ላይ እንገናኝ ነበር። የሚገርመው ሰላምታችን ነው። እኛ «እንደምን አደራችሁ» እንላለን፣ እነሱ «አካም ቡልተን» ይላሉ። ሁሉም ጨዋነቱን ለማሳየት የሌላውን ቋንቋ ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁለቱም ወገን በየአነጋገሩ ይሳሳትና ሳቅ ይሆናል። እንጀራ ያበላኝም ይኸው ሁለት አፍ መሆኔ ነው። ስሜ አያንቱ ነው፤ ሚሽን ትምህርት ቤት ተምሬ በጫካ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ታይፒስትም አስተርጓሚም ሆኜ እሠራ ነበር።

በዚያ በጋ፣ ካለፈውም በጋ ጀምሮ፣ ጉቶ በሚባለው አገር በኩል ያለው የእኛ መንደር ጫካ ደጋግሞ እየተቃጠለ አስቸገረ። ሳር የሚያቃጥል ገበሬ እንደሆነ ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ዙሪያውን አጽድቶ፣ ነፋሱን ሰምቶ ነው የሚለኩሰው። ይህ ግን ሰደድ እሳት ነበር፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ቡናውን ይልሳል፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ ከነንቡ ያወርዳል። አባቴ ኦቦ ቶለሳ ንብ አርቢ ነበር፤ ኦቦ እንደ አማርኛው «አቶ» ነው። እኛ ወለጎች አባታችንን «አቦ» ነው የምንለው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አቦ ከንብ በስተቀር ብዙ ወሬ የሚያወራው ፍጡር አልነበረውም።

የአገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። እሳት ያየ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ «ኢያ!» ብሎ ይጮሃል። ጩኸቱን የሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ቀድሞ የደረሰው ቅጠላም ቅርንጫፍ ሰብሮ ያነሳል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እኛ ጋ ተረት ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ባለርስትም ይሁን ዳኛ፣ የቀዳሚውን ቃል ይሰማል። «አንተ በግራ፣ አንቺ ውሃ» ካለ፣ አለ ነው። እሳቱ እስኪጠፋ አዛዡ እሱ ነው። በእኛ መንደር ያን ቅርንጫፍ የሚሰብረው ሁልጊዜ አቦ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ እግሩ እንደ ድኩላ የቀለለ ሰው ነበር። ሰዎች ሲያሞግሱት «ኧረ ለቀፎዬ ፈርቼ ነው» ይላል እንጂ ደስ ይለው ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ፣ የአባቴ ልጅ መሆን ያኮራኝ ነበር።

እሳቱ ሲበዛ ከአዲስ አበባ ሻምበል ወንድይራድ መጣ። ባሕር ማዶ ሄዶ የሰደድ እሳት ምርመራ የተማረ የፖሊስ መኮንን ነው፤ ጥቁር መነጽር፣ በቀይ አፈራችን ላይ እንኳ የሚያብረቀርቅ ጫማ። ከየወረዳው ፖሊሶችና የጫካ ዘበኞች ተሰበሰቡለት፤ ከጊምቢ የመጣ አለ፣ ከኑኑ ቁምባ በእግሩ የመጣ አለ። ሥልጠናው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ ዘበኞቹ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚሰሙት፤ መካከል ላይ በፕሊሲ ቀሚሴ የምቆመው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መምህር ነበር። እሳት ካቃጠለ በኋላ ሜዳው ለእኛ ጥቁር ብቻ ነው፤ ለእሱ ግን የሚነገር ነገር ነበረው። ድንጋዩ የጠቆረው እሳቱ በመጣበት ጎኑ ነው። ቀስ ብሎ የተቃጠለ ሳር አገዳው የሚወድቀው እሳቱ ወደመጣበት ነው። ቅጠል በሙቀት ሲደርቅ ነፋሱ ወደ ሄደበት እንደጠቆመ ይቀራል። «ወደኋላ ወደኋላ ሂዱ» ይል ነበር፣ «የእሳቱ እትብት የተቀበረበት ድረስ። እሳት ትልቅ ሆኖ አይወለድም።» ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዘበኞቹን ፊታቸውን አዙሮ ያቆምና ደረቅ ሳር ይለኩሳል። አጥፍተውት ሲጨርሱ የት ላይ እንደጫረው ፈልጉ ይላቸዋል። ገመዳን መጀመሪያ ልብ ያልኩት ያኔ ነው ብል ውሸት ነው፣ የመንደራችን ልጅ ስለሆነ ድሮም አውቀዋለሁ፤ የአባቴን ማር ሲልስ ያደገ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቶሎ የሚያምን ዘበኛ ነበር። አመዱ ውስጥ በጉልበቱ እየዳኸ፣ አፍንጫው መሬት እየነካ ሲሄድ ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱ ግን የክብሪቷን እንጨት ይዞ ተነሳ። ፊቱ ከአመድ በስተቀር ጥርስ ብቻ ሆኖ። ሻምበሉ የአንገቱን ፊሽካ አውልቆ ሸለመው። ገመዳ ያን ፊሽካ ከዚያ ቀን በኋላ ሲተኛ እንኳ ያወለቀው አይመስለኝም።

የአዳራሹ ወለል ላይ ደግሞ በጠመኔ የጉቶን ካርታ ሥሎ፣ እሳት በተነሳበት ቦታ ሁሉ ላይ አንድ አንድ የቡና ፍሬ እንዲያስቀምጡ ያደርጋል። ጽዳት ሠራተኛዋ እንዳትጠርገው እየተለመነች ነው። አንድ ቀን ዘበኞቹ ያንን ካርታ ከብበው እንደቆሙ ሻምበሉ እንዲህ አለ፦ «በክፋት እሳት የሚያነሳ ሰው አንድ ጊዜ አንስቶ አይተውም። እሳቱንም ማየት ይወዳል፣ አይርቅም። ብዙ ጊዜ ለማጥፋት ቀድሞ የሚደርሰው ራሱ ነው። ስለዚህ ማን ቀድሞ እንደደረሰ ልብ በሉ። አንድ ሰው ከደጋገመ ያዙት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

እኔም ወደ ኦሮምኛ መለስኩት። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ። ተናግሬ ስጨርስ የእኛ አካባቢ ዘበኞች አንገታቸውን ደፉ። ገመዳ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ወዲያው ዓይኑን ወደ ቡናው ፍሬ መለሰ። ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ከአፌ የወጣውን ቃል ተከትዬ ብይዘው፣ ብመልሰው ደስ ባለኝ ነበር።

ትምህርቱ ሲያበቃ ሻምበሉን ጠበቅኩት። «ጌታዬ፣ በእኛ መንደር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው አባቴ ነው» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ካሰብኩት በላይ የደከሙ ነበሩ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ወይዘሪት አያንቱ» አለኝ። «ግን አንቺም ብትሆኚ ለአባትሽ ምስክር ልትሆኚ አትችይም። ንጹሕ ሰው ከሆኑ ምርመራ አይጎዳቸውም።» ክፉ ሰው አልነበረም። የተማረው እንደዚያ ነው፣ ምናልባት በተማረበት አገር እውነት ነው። በዚያ አገር «ኢያ!» ሲባል የሚሮጥ አልነበረ ይሆናል።

በተከታዩ ቅዳሜ እሳት ተነሳ። አቦ ቀድሞ ደረሰ። ይህን የነገሩኝ ያዩት ናቸው። ገመዳና ሁለት ፖሊሶች እየሮጡ ሲመጡ አቦ ቅርንጫፉን ይዞ ከጭሱ ውስጥ ያዝዛል። ገመዳ ፊሽካውን ነፋ። «ኦቦ ቶለሳ፣ በሕግ ስም ይዤዎታለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ አልቃሽ ተሰብሮ ነበር አሉ። አቦ አንድ ጊዜ አየውና «ኢየ፣ እሺ። እሳቱ ይጥፋና እሄዳለሁ። አንተ በግራ በኩል ያዝ፣ ነፋሱ ወደዚያ እየዞረ ነው» አለው። ገመዳም በግራ በኩል ያዘ። እስረኛው አዛዥ፣ አሳሪው ታዛዥ ሆነው እሳቱን አጠፉት። ከዚያ አቦ ቅርንጫፉን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ነቀምቴ ፖሊስ ጣቢያ ጩኮ ይዤ ሄድኩ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ቆሎ ዱቄት ነው፣ አቦ ነፍሱ ነበር። ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል። የእስር ቤቱ በር ላይ እንዳየኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ንቦቹ ነው። ቀጥሎም፣

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አለኝ፣ «ያንን ነገር ለዘበኞቹ የተረጎምሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ፣ አቦ።»

«በደንብ ተረጎምሽው?»

«በደንብ ነው፣ አቦ።» እንባዬ መጣ።

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሥራ በደንብ ነው የሚሠራ» አለና ጩኮውን ቆርሶ መጀመሪያ ለእኔ አጎረሰኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ብቻ ከእንግዲህ ሰው እንዴት ይሮጣል?» አለ፤ እኔን ይሁን ራሱን የጠየቀው አላወቅኩም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለራሱ አልፈራም ነበር። ፍርሃቱ ለሩጫው ነበር።

ወሬ እግር አለው። በሳምንቱ ነቀምቴ ገበያ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚወራው አንድ ነበር፦ እሳት ላይ ቀድሞ የደረሰ ይታሰራል። በዚያው ቅዳሜ፣ አቦ እስር ቤት እያለ፣ ጭስ ታየ። ሻምበሉ እኔንና ገመዳን ከሌሎች ዘበኞች ጋር በላንድሮቨር ጭኖ ወደ ጉቶ በረረ። ያየነውን ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ኮረብታው ላይ ሆና ድምፅዋ እስኪዘጋ «ኢያ!» ትላለች። ወንዱ ከገበያ እየተመለሰ ወጥቷል፣ በየአጥሩ ሥር፣ በየዛፉ ሥር ቆሟል። እሳቱ ቡናው ውስጥ እየገባ ነው። አንድም ሰው አይነቃነቅም። እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ለሰርግ ገበታ አንተ ቅደም አንተ ቅደም እንደሚባባሉ ሰዎች።

ሻምበሉ ከመኪናው ዘሎ «ምን ሆነው ነው የቆሙት? ጠይቂያቸው!» አለኝ።

ጠየቅኳቸው። ከአጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ «ቀድሞ የደረሰ ይታሰራል ተብሏል። ጌቶች ቅደሙና እኛ እንከተላለን» አሉ። ተረጎምኩለት። ያኔም ቃል አልጨመርኩ፣ ቃል አልቀነስኩ።

የሻምበሉ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። ያፍራል፣ ይቆጣል፣ ያዝናል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ቆቡን አውልቆ መኪናው ላይ ወረወረና ቁልቁል ሮጠ። ያ የሚያብረቀርቅ ጫማው እየተንሸራተተ፣ አንዴ ወድቆ ተነስቶ፣ እሳቱ ጫፍ ሲደርስ ከዋንዛ ዛፍ ትልቅ ቅርንጫፍ ታግሎ ገነጠለ። «ቀዳሚው እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «የሚያስር እኔን ይሰር! ንገሪያቸው!»

ነገርኳቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ጮኼ የተረጎምኩት የለም፤ ጉሮሮዬ ለሳምንት አልተመለሰም። መጀመሪያ ገመዳ ሮጠ፣ ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ ኮረብታው ሁሉ ወደ ታች ፈሰሰ። ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው ሥርዓቱ እንደሚያዝዘው ቃሉን ሲጠብቁ ጊዜ ሻምበሉ ግራ ገባው፤ ለካ አዛዥ ሆኗል። «እንደምታውቁት አድርጉ!» አለ። ከዚያ የተሻለ ትእዛዝ በዚያ ሰዓት ያለ አይመስለኝም። እሳቱ ወደ መሸ ሲል ጠፋ። ከጫካው ግማሹ ተረፈ፤ የአቦ ቀፎዎች ግን አብዛኞቹ ሄዱ።

ወደ አዳራሹ የተመለስነው ጥላሸት ሆነን ነው። ገመዳ በዚያው ዕለት የእሳቱን እትብት አግኝቶ ነበር፤ ከእግር መንገዱ ዳር ግማሹ የተቃጠለ ኩበት፣ ዙሪያውን የክብሪት እንጨት ተሰክቶበት። ይህን ማንም አይስትም፤ ከጎረቤት እሳት የምንጭረው በኩበት አይደለም እንዴ? ጠዋት የተጫረ ኩበት ሆዱ ውስጥ እሳቱን ይዞ እስከ ቀትር ይቆያል። ያስቀመጠው ሰው ነበልባሉ ሲነሳ ገበያ መሃል ቆሞ እየተከራከረ ነው ማለት ነው። ሻምበሉ የቡና ፍሬዎቹን እያንዳንዳቸውን እየጠቆመ «ይህ በምን ቀን?» አለ። ቅዳሜ። «ይህስ?» ቅዳሜ። ሁሉም ቅዳሜ።

«ቅዳሜ ገበያ የማይሄድ ሰው ማነው?» አለ ሻምበሉ።

«ኦቦ ቶለሳ ናቸው» አለ ገመዳ፣ ወደ መሬት እያየ። «ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ገበያ አይወዱም። መንደሩ ሁሉ ቤቱን ለእሳቸው አደራ ሰጥቶ ነው የሚሄደው።»

ሻምበሉ ጣቱን ካርታው ላይ እንዳቆመ ቆየ። አቦ ቀድሞ የሚደርሰው ሌላ ሰው ስለሌለ ነበር። ፍሬዎቹ ደግሞ፣ አሁን ሁላችንም አየነው፣ በአንዲት አቋራጭ መንገድ ዳርና ዳር ተሰልፈዋል። በዚያ አቋራጭ ገበያ የሚወርደው በቅሎ ያለው አንድ ሰው ነበር፤ በስሙ ሳይሆን ባለባርኔጣው እያልን የምንጠራው የመሬትና የቡና ደላላ። ትሑት ሰው ነበር፣ የአባቴን ማር ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚገዛው። ጫካ ሲቃጠል ጠፍ ይባላል፤ ጠፍ የተባለ መሬት ደግሞ ሰው ላለው ሰው በማመልከቻ ይገኝ ነበር። ያ ዘመን እንዲያ ነበር፣ ሌላውን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ሻምበሉ ጥላሸቱን ሳይታጠብ ጣቢያ ሄደ። አብሬው ነበርኩ። አቦ ፊት ቆሞ «አባቴ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለ። ተረጎምኩ። አቦ ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየውና ሳቀ። «እሳት ላይ ቀድሞ የደረሰው ይህ ነው? አሁንስ የአገሬ ሰው መሰልክ በይው» አለኝ። ይህንንም ተረጎምኩ፣ እያለቀስኩ።

ባለባርኔጣውን በቀጣዩ ቅዳሜ ያዙት። ከአቋራጩ ዳር ተደብቀው ጠበቁት፤ ከበቅሎው ወርዶ ከኮቱ ሥር በጣሳ የያዘውን የሚጤስ ኩበት ሳሩ ውስጥ ሲያስቀምጥ የገመዳ ፊሽካ ጮኸ። «ሲጋራ ልለኩስ ነው» አለ አሉ፤ ሲጋራ ግን ኪሱ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እሳት በእኛ ጫካ እንደ ልማዱ አልተመላለሰም። ሻምበሉም ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ከመሄዱ በፊት ለሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች በሚያስተምረው ትምህርት ላይ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደሚያስተካክለው ነገረኝ። ዘመኑ ሲገለበጥ የት እንደደረሰ አላውቅም። መንገድ ላይ የሚያብረቀርቅ ጫማ ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ፤ እስከ ዛሬ አንዱም እሱ አልሆነም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለሲፈን የምነግራት ጥሩ ተረት ነበር። ግን አቦ ተፈታ እንጂ ሩጫው አልተፈታም። በዓመቱ አንድ ጎጆ ተቃጥሎ «ኢያ!» ሲባል እኔም መንደር ነበርኩ። አቦ እንደ ድሮው ተፈትልኮ ወጣ፤ ማንም አልደረሰበትም። እሳቱ አጠገብ ሲደርስ ግን ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። እጁ ቅርንጫፍ ሊይዝ ተዘርግቶ፣ ሌላ ሰው እስኪያልፈው ወደ ኋላ ይመለከታል። ሰው ካለፈው በኋላ ነው የገባው። ያ ቀጭን ጀርባው እዚያ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት ከእስር ቤቱ በር ይልቅ አቃጠለኝ። ገመዳም አይቶታል።

ከዚያ በኋላ ገመዳ ቤቱን አፍርሶ ከአባቴ ቤት ጎን ሠራ። ጩኸት በተሰማ ቁጥር ፊሽካውን እየነፋ አብሮት ይሮጣል፤ አንድ እርምጃ ቀድሞት። አቦ እሳቱ ጫፍ ላይ እንዳይቆም፣ ሁልጊዜ የሚከተለው ሰው እንዲኖረው። መጀመሪያ ላይ ገመዳ ለመቅደም ላቡ ጠብ እስኪል ይሮጥ ነበር፤ አቦ ፈጣን ነውና። ዓመታት ሲሄዱ፣ ንጉሡም ሄደው፣ ሌላው መንግሥት መጥቶ፣ የቴትሮኑም ሸሚዝ ከገበያ ጠፍቶ፣ አቦ አረጀ። በትር ይዞ ነበር የሚሮጠው፣ ሩጫ ካሉት። ገመዳ ያን ጊዜም አንድ እርምጃ ነበር የሚቀድመው። ያ ትከሻ ሰፊ ጎልማሳ ሰው፣ ሌላው ጎረምሳ በአጠገቡ እየነጎደ ሲያልፍ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ቅርንጫፉን ሰብሮ ለአባቴ እያቀበለ። እኔ ይህን ያየሁት ለዓመት በዓል አገር ስገባ ነው፤ ሳየው ልቤ በአንድ በኩል ይሞላል፣ በሌላ በኩል ይጎድላል።

አቦ ያረፈው በበጋ ነው፣ እንዲህ ሳሩ በሚሸትበት ወር። ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ ሰዎች ገመዳን ፊት ሆነህ ያዝ አሉት። እምቢ አለ። ሳጥኑን አሳልፎ ከኋላ ሊከተል ዳር ቆመ። በአጠገቡ ሲያልፍ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ክዳኑ ላይ አስቀመጠና «ዛሬስ ቀደሙኝ፣ ኦቦ ቶለሳ» አለ።

ይህን ስነግራት ሲፈን መሐረቧን አውጥታ ነበር። ጭሱ ነው እንዳትል ሽታው ካለቀ ቆይቷል። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወደ ፊት ተጣራች፦

«ሾፌር፣ እባክህ ትንሽ ፈጠን በልልን። ለቅሶ ነው፤ ቀድመን እንድረስ።»